አንድ ዙር ለክፉ ቀን

ለምወድህ አባቴ፣ ለቧንቧ ሁሉ ሐኪም፣ ለሐኪም ሁሉ ግን ራስ ምታት፤

እንዴት ከርመሃል አባዬ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ሳል ተወህ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? የጓሮው የውሃ ታንከር ክዳን ተጠገነ ወይስ ድመቷ አሁንም ትተኛበታለች? ከሁሉም በላይ ግን እግርህ እንዴት ነው? ይህችን ጥያቄ ዘለህ እንደምታልፋት ስለማውቅ ደግሜ እጽፋታለሁ፤ እግርህ እንዴት ነው?

እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ የጎደለኝ ነገር ቢኖር ያንተ ማጉረምረም ነው። ከመስኮቴ ሥር ያለው የግቢው ቧንቧ ጠብ ጠብ እያለ ሲያስመርረኝ ሰንብቶ አንድ እሑድ እጅጌዬን ሰብስቤ ራሴ ጠገንኩት። ጎማውን ቀየርኩ፣ ቴፍሎን ጠመጠምኩ፣ አጠበቅሁ፤ ጠብታው ድራሹ ጠፋ። በማግስቱ አከራዬ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ቧንቧውን መክፈት አቃታትና በሬን አንኳኳች። ሄጄ ከፈትኩላትና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ይህን ለምን እንደነገርኩህ በኋላ ይገባሃል።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ ስለምታሸንፈኝ ነው። ወሬው ወደ እግርህ ጠጋ ሲል «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትለኛለህ፤ ስለ ጎረቤት ግንብ ስታማልኝ ግን አንዴም ተቆራርጦ አያውቅም። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። መነጽርህን አድርገህ እስከ መጨረሻው እንድታነበው በእማዬ ይዤሃለሁ።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጣት፤ አንተ ሳሎን ዜና ስትሰማ እሷ የወጥ ቤቱን በር ዘግታ በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ። እግርህ አብጦ ጫማህ አልገባ እንዳለህ፣ አንተ ግን «ዝናብ መትቶት ቆዳው ተኮማትሮ ነው» እያልክ በነጠላ ጫማ እንደምትውል ነገረችኝ። ሐኪሙም ደምህ ተመርምሮ ኩላሊትህ ምን ላይ እንዳለ ካላየሁ መድኃኒትህን አልቀይርም፣ ባለበት መቀጠሉ ደግሞ ያሰጋኛል እንዳለህ ነገረችኝ። ባለፈው ሊቀዱህ ሲሞክሩ ደም ሥርህ ጠፍቶባቸው ቀኝ ክንድህን ወጉ፣ ግራህን ወጉ፣ የእጅህን ጀርባ ሊወጉ ሲሉ ኮትህን አንስተህ «ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ አሁን እኔው ልበሳሳ? ወንፊት አይደለሁም» ብለህ ወጣህ አሉ። አባዬ፣ ጭንቅ ውስጥ ሆኜም በዚህች ሳቅሁ። እማዬም ስትነግረኝ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር፤ ከዚያ አለቀሰች።

እኔን ያላሳቀኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ላገኘኸው ሰው ሁሉ «ልጄ ከአንድ ጠብታ ደም ሁሉን የሚናገር መሣሪያ እየሠራች ነው፤ እሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ትላለህ አሉ። መጀመሪያ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። በእኔ ተማምነህ ቁጭ ብለሃል፣ እግርህ ግን እኔን አይጠብቅም። ስለዚህ ዛሬ የዚያን መሣሪያ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እነግርሃለሁ፤ ከዚያ አንተው ፍረድ።

የምሠራው ፎቅ ላይ ባለ ረጅም ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ግን አይከፈቱም፣ ጠላታችን አቧራ ነውና። ስንገባ ጫማ እንቀይራለን፣ ፀጉራችንን እንሸፍናለን፣ ነጭ ጋውን እንለብሳለን። ከፓምፖቹ ማንኮራፋት በቀር ድምፅ የለም። አለቃችን ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ናት። ከአፏ «በቀስታ፣ በቀስታ» የምትል ቃል ስለማትጠፋ እሜቴ ቀስታ እንላታለን፤ ታውቃለች፣ ቅርም አይላትም። ከጎኔ የሚቀመጠው ብርጭቆ ቆራጩ ነው። እሱ ደግሞ ሲያወራ እንኳ የሚሰበር ነገር ያለ ይመስል ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጣቸው።

የምንሠራት ነገር ቴምብር የምታህል ብርጭቆ ናት። ውስጧ የፀጉር ያህል የቀጠኑ መንገዶች ተቀርጸውባታል። በአንዱ ጫፍ የደም ጠብታ ይገባል። ቀዩ በዋናው መስመር ይቀጥላል፤ ጠራ ያለው የደም ውሃ በጎን ባሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ተለይቶ ይወጣል፤ ወጥቶ ከመድኃኒት ጋር ይገናኛል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከቀለሙም ኩላሊት እንዴት ሰንብቶ እንደሆነ ይታወቃል። መክፈቻና መዝጊያም አላት። መዝጊያዋ ግን ብረት አይደለም፤ ከመንገዱ በላይ የተዘረጋች ስስ ጎማ ናት። በአየር ሲገፏት ጎብጣ መንገዱን ትዘጋለች፣ አየሩ ሲለቀቅ ቀና ትላለች፤ አንተ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ በአውራ ጣትህ እንደምትይዘው ማለት ነው። የእኔ ሥራ የፈሳሹን አካሄድ መግራት ነው፤ ምን ያህል ይግባ፣ በምን ፍጥነት ይሂድ፣ የት ይቁም፣ የትኛው ይቅደም። አየህ፣ ካንተ ሙያ ሸሽቼ ሸሽቼ ተመልሼ እዚያው ወደቅሁ፤ ቧንቧው ብቻ ነው ያነሰው።

ግን አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ውሃ ሌላ ጠባይ አለው። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ሳሳርፍ ክፍሉ ይጠፋል፣ ወንበሩ ይጠፋል፣ እኔም የጠፋሁ ይመስለኛል። ውሃው አይንቦጫረቅም፣ አይሽከረከርም፣ አይጋፋም። ቀይና ሰማያዊ ቀለም በአንድ መንገድ ብትለቅ እንደተኮራረፉ እህትማማቾች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይሄዳሉ እንጂ አይቀላቀሉም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አነቃንቄ ላደባልቃቸው ፈለግሁ፤ እዚያ ውስጥ ግን ማንኪያ አይገባም። እሜቴ ቀስታ ከኋላዬ መጥታ መንገዱን አርዝሚላቸው፣ ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጊላቸው፣ ከዚያ ተያቸው አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ከብዙ መጠምዘዝ በኋላ ሁለቱ በሚነካኩበት ዳር ላይ ስስ ሐምራዊ መስመር ታየች፤ እየሰፋች ሄደች፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም ሐምራዊ ሆነ። ማን ማንን እንዳሸነፈ አይታወቅም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ያን ስመለከት ዋልኩ፣ ማንም አልተቆጣኝም።

ከሥራ ስወጣ ያ ነገር ከዓይኔ ቶሎ አይለቅም። ከተማው ሁሉ መስመርና ቅርንጫፍ ይሆንብኛል። ሰዉ ከደረጃው ሲወርድ፣ በሩ ላይ ሲጠብብ፣ አስፋልቱ ዳር ሲበተን አያለሁ፤ አሁን ማን ነው መዝጊያውን የያዘው እላለሁ። አንድ ቀን ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ተቀምጬ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲወርድ እያየሁ ሸለብ አደረገኝ። አንተን አየሁህ። ከአሸዋ ቅንጣት አንሰህ፣ የመፍቻ ቦርሳህን በትከሻህ አንግተህ፣ በብርጭቆዋ መንገድ ውስጥ እያፏጨህ ትሄዳለህ። ውሃው እስከ ጉልበትህ ነው፣ ግን ድምፅ የለውም። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ጆሮህን ለጥፈህ ቧንቧ እንደምታዳምጠው፣ እዚያም ቆም ብለህ ጆሮህን ለጠፍክ። አባዬ ብዬ ጠራሁህ። እያዳመጥክ ስለነበር ጣትህን ብቻ አነሣህ፣ ቆይ እንደማለት። ስነቃ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ። በዝናብ ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ፣ ግን አላዘንኩም፤ ከአንተ ጋር የቆየሁ መሰለኝ።

እንዲህ በሕልም ስመላለስ ነው ችግሩ የመጣው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚገጠሙት ብርጭቆዎች ጠባያቸው ተበላሸ። ፈሳሹ ቀጥ ብሎ በአንድ ፍጥነት መሄድ ሲገባው ይቆማል፤ ቆይቶ ድንገት ይንደረደራል፤ ደግሞ ይቆማል። ሲንደረደር ቀዩ ደም ወደማይገባበት ቅርንጫፍ ዘው እያለ የጠራውን ያደፈርሰዋል። የሌሎቹ ጠረጴዛ ሰላም ነው፣ የእኔው ብቻ ነው የተረገመው። ፓምፑን ፈታን፣ ደህና ነው። ፈሳሹን አጣራን፣ ንጹሕ ነው። የቀረን ጥርጣሬ አየር ነበር። እዚያ ውስጥ አንዲት አረፋ ከገባች በጠባብ መንገድ መሀል እንደተኛ በሬ ናት፤ አትገፋም፣ አትዞርም። አረፋ ፍለጋ ዓይኔ ቀላ።

ያን ጊዜ ነው ደውዬ ያማከርኩህ። ትዝ ይልሃል፣ ገና ሳልጨርስ «አየር ነው፤ ጫፉን ሁሉ ክፈቺ፣ በሙሉ ኃይል ልቀቂው፣ በመፍቻ እጀታ ቧንቧውን ኳ ኳ አድርጊው» አልከኝ። አልዋሽህም፣ ለምሳ ሲወጡ ሞከርኩት። ከፓምፑ ወደ ብርጭቆዋ የሚሄደው ቀጭን ጎማ ከፓምፑ በኩል ተነቅሎ እንደ እባብ ተወራጨ፣ ሰማያዊው ቀለም ኮርኒሱ ላይ ተረጨ፣ ብርጭቆዋም ከመሀል ተሰነጠቀች። እሜቴ ቀስታ ስትመለስ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ከዚያ በዚያ በለሆሳስ ድምፅዋ ሰማዩ መቼ ገባ ብላ ጠየቀች። ሰማያዊው ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አለ፤ ባየሁት ቁጥር አንተን አነሣለሁ። ምክርህ ለመንደር ቧንቧ መድኃኒት ነው፣ አልክድህም፤ ለእኛዋ ግን ጎርፍ ነበር።

ነገሩን ያገኘው ብርጭቆ ቆራጩ ነው፣ እሱም ሳያስበው። የተሰነጠቀችውን ብርጭቆ ሊያነሣ ጎማውን ከብርጭቆዋ ጋር የምታያይዘውን ትንሽዬ ፊቲንግ ለመፍታት ሞከረ። እምቢ አለችው። ሌላ ሰው ጠራ፣ እሱንም እምቢ አለችው። ከታች ፒንሳ አስመጡ። አባዬ፣ በዚያ ክፍል ፒንሳ ገብቶ አያውቅም፤ ፊቲንጎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ የሚጠብቁትም የሚፈቱትም በሁለት ጣት ነው። ብርጭቆ ቆራጩ ፊቱ በርበሬ መስሎ ከፈታት በኋላ፣ ይህን የዘጋ ሰው ዳግመኛ ይከፈታል ብሎ አላሰበም አለ። ውስጧን አየናት። የጎማው አፍ ተጨፍልቆ ለመተኛት እንደተቃረበ ዓይን ጠቧል። ፈሳሹ ከኋላው ይጠራቀምና ሲበቃው ተፈትልኮ ያልፋል፤ ያ ሁሉ መቆምና መንደርደር ከዚህ ነው። ሌሎቹን የእኔን ፊቲንጎች ፈተሹ፣ ሁሉም እንዲሁ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ ጣቶቼ ዞረ።

አባዬ፣ ያን ጊዜ ድምፅህን በጆሮዬ ሰማሁት፤ «አንድ ዙር ለክፉ ቀን።» ስታጠብቅ፣ ጠበቀ ሲባል፣ ሁልጊዜ የምትጨምራት አንዲት ዙር። አንተ የዘጋኸውን ፔርሙዝ እማዬ መክፈት አቅቷት ሻይዋን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠብቅህ ነበር። ጎረቤቶቹም ከሠራህላቸው በኋላ ቧንቧው አያፈስም፤ ችግሩ አይከፈትም ይሉ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገብህ ቁጢጥ ብዬ መፍቻ ሳቀብልህ ያቺ ዙር በጣቶቼ ገብታ ኖራለች፣ እኔ ሳላውቅ። አከራዬ በሬን ያንኳኳችው ለዚህ ኖሯል። ሁሉም ሰው እዚያ በሁለት ጣት አጥብቆ ያቆማል፤ እኔ ብቻ አጥብቄ፣ ከዚያ አንድ ዙር ለክፉ ቀን።

አፈርኩ፤ ግን ነገሩን ስነግራቸው እሜቴ ቀስታ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትጨርስ ፊቷን ጠራርጋ፣ አባትሽ ቤቱን ጎርፍ እንዳይገባበት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው፤ እዚህ ግን የሚያልፈውን ነው የምንጠብቀው አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማጥበቅን እንደገና ተማርኩ። ጣቴ «አሁን» ሲለኝ እጄን አነሣለሁ። እጄ ግን ወዲያው ይመለሳል፣ ያቺን ዙር ይፈልጋታል። እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ እስኪተወኝ የምቆይበት ቀን አለ።

እንደዚያ ለስለስ አድርጌ የገጠምኳት የመጀመሪያዋ ብርጭቆ ፍጹም ሆነች። የሚፈተን ደም አስፈለገ፤ እኔ ጣቴን ሰጠሁ። ጠብ አለች፣ ገባች። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። አባዬ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገርህ። እነዚያ ክብ ክብ ቀይ ቅንጣቶች ተሰልፈው፣ ሳይጋፉ፣ ቀስ እያሉ መጡ። መታጠፊያው ላይ ዘንበል ይላሉ፣ ጠባቡ ላይ ይቀጥናሉ፣ አልፈው እንደገና ክብ ይሆናሉ። የጠራው በጎን በኩል እንደ ጠዋት ብርሃን ተለይቶ ሄደ። መጀመሪያ የእኔ ደም መሆኑን ረሳሁት። ቆይቶ ትዝ ሲለኝ ደግሞ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። አንተም እንዲሁ ጎንበስ ጎንበስ እያልክ የምታልፍ መሰለኝ። ዕንባዬ መስታወቱ ላይ እንዳይወርድ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ቀለሙ ወጣ፤ ኩላሊቴ ደህና ነው። ያንተ ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

አሁን እውነቱን። አንዷን ብርጭቆ በቦርሳዬ ይዤልህ ልመጣ አስቤ ነበር፣ አልደብቅህም። ግን ብርጭቆዋ ያለ ፓምፑ፣ ያለ አየሩ፣ ያለ ማይክሮስኮፑ ባዶ ብርጭቆ ናት። ደግሞም ገና ልጅ ናት፣ ትሳሳታለች። የእኔን ደም በትክክል ተናገረች፤ በማግስቱ የብርጭቆ ቆራጩን ደም ስታይ ያን ጤነኛ ሰው ኩላሊቱ አብቅቶለታል አለችው። ምስኪን ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። መሳሳቷን እንዴት እንዳወቅን ታውቃለህ? ምድር ቤት ያለችው ደም ቀጂ ከክንዱ በመርፌ ቀድታ በቀድሞው መንገድ ስላስመረመረችው ነው። እኛን ሁላችንንም እንደዚያ ትቀዳናለች። ያቺ የምትጠብቃት ብርጭቆ ራሷ እውነቱን የምትማረው ከመርፌው ነው አባዬ። ለሰው ሥራ ላይ እስክትውል ብዙ ክረምት ያልፋል፤ ብዙ ክንድም ይወጋል። አንተ ያን ያህል የምትጠብቅበት እግር የለህም። ይህን የምልህ ልጅህ ነኝ፣ ብርጭቆዋንም የምሠራት እኔው ነኝ፤ አትጠብቃት።

ስለ ክንድህ ያቺን ደም ቀጂ አማከርኳት። ቀልደኛ ናት፤ ያንተን የወንፊት ነገር ስነግራት ወደድኩት አለች። ክንድ ሲበርደው ደም ሥር ይደበቃል፤ ሰው ሲሰጋም ይደበቃል አለችኝ። አልሰጋሁም እንደምትል አውቃለሁ። እሺ፣ አንተ አልሰጋህም፤ ክንድህ ግን ሰግቷል። ሐኪምህ ካልከለከለህ ጠዋት ውሃ ጠጣ፤ ባዶ ቧንቧ ምን ይቀዳል? እማዬ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ክንድህ ላይ ትጠምጥምልህ፣ ኮትህንም እስከ መጨረሻው አታውልቅ። ክንድህን ወደ ታች አንጠልጥለው ተቀመጥ። ባለፈው እንደተቸገሩ ንገራቸውና እጇ የለመደ ሴት ትምጣልህ በላቸው፤ ይህ ነውር አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ ነገረችኝ። በእጃቸው ሠርተው ያደሩ ሰዎች ጨብጡ ሲባሉ የብረት ያህል ይጨብጣሉ፣ ልቀቁ ሲባሉ ግን አይለቁም፤ ያ የደሙን ጨው ከፍ አድርጎ ያሳይና ምርመራውን ያሳስታል አለችኝ። እንደዚህ ስትል እኔ ማንን እንዳየሁ መቼም አታጣውም።

ከወንድሜ ጋር ተነጋግረናል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ በኋላ በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት ታክሲውን በር ላይ ያቆማል፤ ደውሎም ይነግረኛል። ነጠላ ጫማህን አድርገህ ውጣ፣ ማንም አያይህም፤ ቢያይህም ዝናብ መትቶት ነው በለው። አንተ እዚያ ክንድህን ስትዘረጋ፣ እኔም እዚህ በዚያችው ሰዓት ጣቴን እሰጣለሁ። እሜቴ ቀስታን አስፈቅጃለሁ። አንተ ዓይንህን ጨፍን ብትፈልግ፤ እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ሆኜ የመጣውን ሁሉ አያለሁ። ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ካለ አውቀዋለሁ።

ከደብዳቤው ጋር በጥጥ ጠቅልዬ አንዲት ብርጭቆ ልኬልሃለሁ፣ ያቺን የተሰነጠቀችውን። ደም እንዳታንጠባጥብባት፣ ምንም አትናገርም። መስኮት ላይ ይዘህ ወደ ብርሃኑ አዙራት፤ መንገዶቹ ይታዩሃል፤ ስንጥቁም ይታይሃል። እሱ ያንተ ምክርና የእኔ እጅ አብረው የሠሩት ነው። ከመፍቻ ቦርሳህ ጋር አስቀምጣት።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ሹክሹክታዋ ይባረክ። ፔርሙዙን ዛሬ ራሷ ትዝጋው። ወንድሜን ቃሉን እንዳያጥፍ ንገረው፤ ሚስቱን፣ ያቺን ሳቂታ ምራትህን፣ ናፍቃኛለች በላት። አክስቴን፣ የሰፈራችንን ሬዲዮ፣ ሰላም በልልኝ፤ እስከ ማክሰኞ ግን ምንም አትንገሯት፣ አለዚያ መንደሩ ሁሉ ክሊኒክ በር ላይ ወንበር ይዞ ይጠብቅሃል። የታንከሩ ክዳን ይቅር፣ ድመቷ ትተኛበት።

ላንተ ደግሞ፣ አባዬ፣ እነዚህን ጣቶች ለሰጠኸኝ፣ ሰላምታዬ አንድ አደራ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሴትዮዋ ጨብጥ ስትልህ ጨብጥ። ልቀቅ ስትልህ ልቀቅ። ለክፉ ቀን ብለህ አንድ ዙር አትጨምር።

የምትወድህ ልጅህ፣ አንተ ብሎኔ የምትለኝ

ከተከራየሁት ክፍል፣ ከማያንጠባጥበው ቧንቧ በላይ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን